የቀያሹ ገበር

ሬሳውን ያገኘችው ምግብ አብሳይዋ ናት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻይ በትሪ ይዛ ወደ ቀያሹ ድንኳን ሄደች፤ ሁለት ጊዜ ተጣራች፤ መልስ ስታጣ የበሩን ዚፕ ሳበችው። ከውስጥ የታፈነ የከሰል ሽታ ወጣ። ቀያሹ የመኝታ ከረጢቱን እስከ ደረቱ ስቦ በጀርባው ተኝቷል። ጉንጮቹ ቀላ ብለዋል፤ ለሚያየው ሰው ከመቼውም የበለጠ ጤነኛ ይመስላል። እግርጌው የከሰል ምድጃ አለ፤ ከሰሉ ነዶ አልቆ አመድ ብቻ ቀርቷል። አብሳይዋ ግንባሩን በእጇ ነካችው፤ ከዚያ ትሪውን እዚያው ጥላ ወደ ኋላዋ ሮጠች።

በተራራው ላይ የሰፈሩት አምስት ሰዎች ነበሩ። ከቁልቁለቱ ሥር መንደርና ትምህርት ቤት አለ፤ ከላይ ደግሞ መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ይሰፋ እንደሆነ አጥንተው እንዲነግሩ ከተላኩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። የቡድኑ አለቃ አንድ አንጋፋ የሥነ ምድር ባለሙያ ሲሆን ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። ቀያሹ መሬቱን ይለካል፤ «ብረቱ» የሚባለው ቆፋሪ በመሣሪያው አለቱን ይበሳል፤ ሾፌሩ ያመላልሳል፤ አብሳይዋ ታበላለች። አሁን አራት ቀርተዋል።

እስከ ረፋዱ ድረስ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ቦታው ከፍታ ነው፤ በባልዲ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ቀያሹ ደግሞ ብርድ የማይችል ሰው ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጉንፋን ይዞት ሲያስነጥስ ከርሟል። በረደው፤ ምድጃ አስገባ፤ በሩን ዘግቶ ተኛ፤ የከሰሉ ጋዝ ገደለው። የአካባቢው ፖሊስ «ድንገተኛ አደጋ» ብሎ ቅጹን ሞልቶ ጨርሷል። የቀረው ከከተማ የምትመጣው መርማሪ ፊርማ ብቻ ነው።

መርማሪዋ ሃምሳ አራት ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷ ብርድ የማይወድ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እንክርዳዱን ታስቀራለችና። ስሙን ሰምታዋለች፤ አልጠላችውም።

ጫማዋን አውልቃ ወደ ድንኳኑ ገባች። አብሯት የመጣው ሐኪም ሬሳውን መርምሮ የገደለው የከሰል ጋዝ መሆኑን፣ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ወዲያ እንደሚሆን፣ የትግል ምልክት እንደሌለ ነገራት። እሷ ሌላ ሌላውን ታይ ነበር። የቀያሹ ወፍራም ካልሲዎች ተጠቅልለው ጫማው ውስጥ ገብተዋል። ሹራቡ እጀታው ወደ ውስጥ ታጥፎ ትራስ ሆኗል። ኮቱ ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ራስጌው የጉንፋን ክኒን አለ፤ ሐኪሙ አይቶት እንቅልፍ የሚያመጣው ዓይነት እንደሆነ ተናገረ።

ከዚያ የመኝታ ከረጢቱን ዚፕ እስከ ታች ሳበችው። ከረጢቱ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛ የሚያድለው ስስ ነገር ነው። ውስጡ ግን ሌላ ከረጢት አለ። ከግራጫ ለስላሳ ጨርቅ የተሰፋ ገበር ነው፤ ትከሻው ጋ ሰፋ፣ እግሩ ጋ ጠበብ ብሎ፣ አንገቱ ላይ የሚጠብቅ ገመድ ገብቶበታል። ስፌቱ የፋብሪካ አይደለም፤ ማዕዘኑ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል፤ ሰፊዋ ወይም ሰፊው ለለባሹ አስቦ የሠራው ነው። ሬሳው ከተነሣ በኋላ መርማሪዋ እጇን እስከ ክርኗ ወደ ገበሩ አስገብታ ጥቂት ቆየች። እጇ ሞቀ።

«ዶክተር፣ አንተ ሲበርድህ ካልሲህን ታወልቃለህ?»

«ሲበርደኝ ሁለተኛ ካልሲ ነው የምደርበው።»

ቅጹን ሳትፈርምበት አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አብሳይዋን ነው። ሴትዮዋ የማብሰያውን ድንኳን ምሰሶ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ቀኝ እግሯን ታነክሳለች፤ የእግሯ አውራ ጣት በጨርቅ ታስሯል። ምድጃው የእሷ እንደሆነ ተናገረች። ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ለሳህን ማጠቢያ ውሃ አፍልታበታለች፤ ከዚያ ፍሙ በራሱ እንዲሞት ብላ ደጅ አስቀምጣው ተኛች። ማንም ሲወስደው አላየችም፤ አልሰማችምም። ይህን ስትናገር እንባዋ ይወርዳል። ፍሙን በውሃ አጥፍታ ብታድር ኖሮ ሰውየው ይኖር እንደነበር ደጋግማ ለራሷ ነግራዋለች።

«እግርዎን ምን ነካዎት?» አለቻት መርማሪዋ።

«ዛሬ ጠዋት ድንጋይ መታኝ።»

«የት?»

«እዚያው እሱ በር ላይ። ትሪውን ይዤ ስለነበር አላየሁትም። የበሩ ጨርቅ ላይ ተጭኖ ነበር፤ በእግሬ ገፍቼ ነው ዚፑን የከፈትኩት።»

«ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?»

አብሳይዋ ግራ ተጋብታ አየቻት። «ከውጭ ነዋ። ከውስጥ ቢሆን እግሬን እንዴት ይመታኛል?»

መርማሪዋ ሄዳ አየችው። ድንጋዩ ከበሩ አንድ ክንድ ርቆ ተጋድሟል። የድንኳኑ ጠርዝም ዙሪያውን በድንጋይ ተጭኗል፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አልቀረም። ሾፌሩ ይህን ሲያይ ቅንድቡን ሰበሰበ። ቀያሹ የድንኳኑን ጠርዝ አስጭኖ አያውቅም አለ፤ አየር ካልገባ ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ፊቴ ላይ ይንጠባጠባል እያለ ሌሎቹንም ይመክር ነበር።

ሾፌሩ ብዙ የሚያወራ፣ ሲያወራ መኪናውን በጨርቅ የሚወለውል ሰው ነው። ገበሩን ያመጣው እሱ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከከተማ ስንቅ ጭኖ ሲመለስ የቀያሹ ታላቅ እህት መንገድ ላይ ጠብቃ ጥቅሉን ሰጠችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት፤ በስልክ ሳሉን ሰምታ ሁለት ቀን ሙሉ የደንበኛ ሥራ ትታ ሰፋችለት። እራት ላይ ቀያሹ ጥቅሉን ፈቶ ለሁሉም አሳየ። አብሳይዋ ለእኔም ትስፋልኝ ብላ ለመነች። ብረቱ ደግሞ ከረጢት ውስጥ ከረጢት የሚገባው እንቁላል ብቻ ነው፣ ጠዋት ጫጩት ሆነህ እንዳትወጣ ብሎ አሳቃቸው።

«ጋሼስ ምን አሉ?»

«ጋሼ እራት ላይ አልነበሩም። ምሳ እንደበሉ ወደ መንደሩ ወርደው እዚያው አመሹ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያመጣቸውን ሞተር ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እኔ ጋደም ብዬ ነበር።»

ሾፌሩ ሌላም ነገር ጨመረ። ቀያሹ በጠዋት ተነሥቶ መኪናውን እንዲያዘጋጅለት አደራ ብሎት ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር እንደሚሄድ እንጂ ለምን እንደሚሄድ አልነገረውም።

ብረቱ የሚባለው ቆፋሪ ገና ሳትጠይቀው ክንዱን አጣምሮ ጠበቃት። ከሟቹ ጋር መጣላቱን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰኞ ዕለት ቀያሹ መሣሪያህን አቁም፣ ንዝረቱ ስንጥቁን ያባብሰዋል ሲለው ሁለቱ እስኪያልባቸው ተጯጩኸዋል።

«እኔ የምጣላውን ሰው ፊት ለፊት ነው የምጣላው» አላት። «ከሰል አልሸከምለትም።»

«ከሰል ተሸከምክ ያለህ የለም። መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

ትከሻው ትንሽ ወረደ። ከእራት በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የተዋሰውን የእጅ ባትሪ ሊመልስ ድንኳኑ ድረስ ሄዶ ነበር። ቀያሹ ክኒኑን ውጦ ተኝቷል፤ ሹራቡን ትራስ አድርጎ፣ ካልሲውን አውልቆ፣ ፊቱ ላይ ላብ ነበረው። እህቴ ምድጃ ውስጥ ከታኛለች ብሎ ሳቀ። ከዚያም ስለ ሰኞው ነገር ይቅርታ ጠየቀው። ብረቱ እዚህ ላይ ሲደርስ ንግግሩን አቋርጦ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ።

«ምድጃ ነበር እንዴ ድንኳኑ ውስጥ?»

«በዚያ ሰዓት ምድጃው እትዬ ጋ ነው። ውሃ እያፈላችበት ነበር። በዚያ ላይ ልጁ እየሞቀው ነው ያልኩሽ... ያልኩዎት።»

በመጨረሻ ወደ አለቃው ሄደች። አለቃው ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ዘርግቶ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ምንም ሳያይ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት። ስለ ሟቹ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፤ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ተቀብሎ ያስተማረው እሱ እንደሆነ፣ የጉንፋኑንም ክኒን ከራሱ ሣጥን እንደሰጠው ነገራት።

«ልጁ ብርድ አይችልም» አላት። «ያንን ስስ ከረጢት ብቻ ይዞ፣ ያለውን ልብስ ሁሉ ደርቦ ነው የሚያድረው። ኮቱን እንኳ አያወልቅም። የተሻለ እንዲላክለት ለመሥሪያ ቤቱ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ።»

«ትናንትም እንደዚያው ተኛ?»

«ትናንትማ ብርዱ የባሰ ነበር። ምን ምርጫ ነበረው? ምድጃ ያስገባውም ለዚሁ ነው።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ስለ ሥራው ጠየቀችው፤ ስንጥቁ እንዴት እንደሆነ። አለቃው ካርታውን እያሳየ በትዕግሥት አስረዳት። መሬቱ ከቆመበት አልተነቃነቀም አላት። የልኬቱ መዝገብ የት እንዳለ ስትጠይቀው ቀያሹ ከእጁ እንደማይለየው፣ ዕቃው ውስጥ ቢፈለግ እንደሚገኝ ተናገረ።

ዕቃው ውስጥ መዝገብ አልነበረም። መርማሪዋ ከአብሳይዋ የዱቄት ወንፊት ተዋሰች። ሾፌሩ ቅጽል ስሟን ከፖሊሶቹ ሰምቶ ኖሮ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ የምድጃውን አመድ ጥቂት በጥቂት አሳለፈችው። ወንፊቱ ላይ የቀረው እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ ነው፤ የደብተር ጥራዝ ሽቦ። ሾፌሩ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። የቀያሹ ደብተር እንዲህ ያለ ሽቦ ነበረው አለ።

ከቆፋሪው ሜትር ተውሳ ከሾፌሩ ጋር ወደ ስንጥቁ ወጣች። ጉልበቷ ሁለት ጊዜ አስቀመጣት። ቀያሹ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሰባት ጥንድ የብረት ካስማዎች ተክሏል። ደግሞም ጠንቃቃ ሰው ስለነበር በየካስማው አጠገብ ባለው አለት ላይ መጀመሪያ የለካውን ርቀት በቀይ ቀለም ጽፏል። መርማሪዋ ስለ መሬት የምታውቀው የለም፤ ቁጥር ማንበብ ግን ትችላለች። አለቱ ላይ ሁለት ሜትር ከአሥር ተጽፏል፤ ሜትሩ ሁለት ከሠላሳ ሰባት አለ። ቀጣዩም ሰፍቷል። ሰባቱም ሰፍተዋል። ሾፌሩ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘ ከእግሩ በታች ያለውን መሬት እያየ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

ከዚያ ላይ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ልጆቹ ግቢው ውስጥ እንደፈሰሰ እህል ተበትነዋል። መርማሪዋ ስልክ አውጥታ ለአካባቢው አስተዳደር ደወለች። ትምህርት ቤቱ ዛሬውኑ ይዘጋ፣ ከሥሩ ያሉት ቤቶችም ይለቀቁ አለች። የመለሰላት ሰው በአክብሮት ነው ያናገራት። ቡድኑ የተላከው ለዚሁ እንደሆነ፣ አለቃው ትናንት ማታ አብሯቸው እራት በልቶ ሁሉ ደኅና እንደሆነ እንደነገራቸው፣ መንደሩም ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተሠራው እሱ ራሱ ቁልቁለቱ አስተማማኝ ነው ብሎ ፈርሞ መሆኑን ነገራት። ያለ እሱ ፊርማ በፖሊስ ቃል ብቻ ሕዝብ ማፈናቀል እንደማይቻልም አስረዳት።

ስልኩን ዘጋች። አሁን ሁለት ነገር ያስፈልጋታል፤ ገዳዩን ማስያዝና ትምህርት ቤቱን ማስዘጋት። አንደኛውን ፍርድ ቤት ሊጠብቅላት ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ነገ ጠዋት ደወል ይደወልለታል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በመመገቢያው ድንኳን ሰበሰበቻቸው። የሟቹ እህትም ደርሳለች። አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት፤ ስታለቅስ መጥታ እንባዋ አልቆ ደርቃ ተቀምጣለች። አለቃው ተነሥቶ እጇን በሁለት እጁ ይዞ አጽናንቷታል። አብሳይዋ ከጎኗ ተቀምጣ ትከሻዋን ደግፋታለች። ብረቱ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለት ፖሊሶች ከውጭ አሉ።

«ይህ አደጋ አይደለም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «አደጋ ቢሆን ኖሮ እትዬ እግራቸውን አይመቱም ነበር። የድንኳኑ በር ከውጭ በኩል በድንጋይ ተጭኗል። ውስጥ የተኛ ሰው ዚፑን ከዘጋ በኋላ ውጭ ወጥቶ ድንጋይ አይጭንም። አየር እንዳይገባ የፈለገ ሌላ ሰው ነበር።»

አብሳይዋ የታሰረ ጣቷን አየችው።

መርማሪዋ ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ይህ ከምድጃው አመድ የወጣ የቀያሹ መዝገብ ሽቦ መሆኑን፣ ሦስት ሳምንት የለፋበትን ሥራ ራሱ እንደማያቃጥል፣ ስለዚህ ምድጃውን ያስገባውና መዝገቡን ያቃጠለው አንድ ሰው እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ የካስማዎቹን ልኬት አንድ በአንድ አነበበች። ብረቱ ሦስተኛውን ሲሰማ በቀስታ ተቀመጠ።

«ስንጥቁ ሰፍቷል። ቀያሹ ዛሬ ጠዋት ወርዶ ትምህርት ቤቱን ሊያስዘጋ ነበር። ይህን የማይፈልግ ሰው ነው የገደለው። ማን? ከቀያሹ ጋር በዚሁ ነገር የተጣላ ሰው አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም ጠዋት ላይ አስቤው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ገበሩ ነው።»

ወደ እህትየው ዞረች። «ምን እንደሰፋሽለት ንገሪያቸው።»

እህትየው ጉሮሮዋን ጠረገች። «ገበር ነው። ኮት ገበር እንደሚገባበት ለመኝታ ከረጢትም ይገባበታል። ጨርቁ ብቻ አይደለም የሚያሞቀው፤ በገበሩና በከረጢቱ መሀል የሚቀረው አየር ነው። ጠበብ ካለ ያፍናል፣ ከሰፋ ደግሞ ይበርዳል። ልኩን ስለማውቀው ሳልለካው ነው የሰፋሁለት።»

አለቃው አንገቱን ቀና አደረገ። ሌሎቹ አላስተዋሉትም፤ መርማሪዋ አስተዋለችው።

«ገዳዩ ያሰበው እንዲህ ነው» አለች። «ቀያሹ በየሌሊቱ ይበርደዋል። ሰው ሁሉ ሲያማርር ሰምቶታል። ስለዚህ ምድጃ አጠገቡ ቢገኝ ማንም አይጠይቅም፤ በርዶት አስገባው ይባላል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ እስከ ትናንት። ትናንት ግን ቀያሹ አልበረደውም። ካልሲውን አውልቋል፣ ኮቱን ሰቅሏል፣ ሹራቡን ተንተርሷል። ላብ ያለበት ሰው ከሰል አያነድም።»

አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ድምፁ የመምህር ድምፅ ነበር። «ኢንስፔክተር፣ ምድጃው ካሞቀው በኋላ አውልቆት እንደሆነስ?»

«እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ብረቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንደዚያ ሆኖ አይቶታል። በዚያን ሰዓት ምድጃው እትዬ ጋ ነበር፤ እስከ ሦስት ሰዓት ውሃ አፍልተውበታል። ያሞቀው ምድጃው አይደለም፤ እህቱ ናት።»

እህትየው ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«እንግዲህ ጥያቄው ቀላል ነው። ገበር መምጣቱን ማን ያውቃል? ሾፌሩ ያውቃል፤ ያመጣው እሱ ነው። እትዬ ያውቃሉ፤ ለራሳቸውም ለምነዋል። ብረቱ ያውቃል፤ ቀልዶበታል፣ ተኝቶበትም አይቶታል። ከእነዚህ ማንም ቢሆን ኖሮ ብርድን ሰበብ አያደርግም ነበር፤ ቢያደርግ እንኳ ገበሩን አውጥቶ ይደብቀው ነበር። ገዳዩ ገበሩን እዚያው የተወው ስለማያውቀው ነው። ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ በጨለማ አይታይም። ጠዋትም ማንም እንዳይነካ ስለተባለ ከረጢቱን የከፈተ የለም። ጋሼ፣ እርስዎ እራት ላይ አልነበሩም። ዛሬ ስጠይቅዎት ስስ ከረጢት ብቻ ይዞ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ተኛ ብለውኛል። እንቅልፍ የሚያመጣውን ክኒን የሰጡትም እርስዎ ነዎት።»

አለቃው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ ግን አላደረገውም።

«ምሳ ላይ ነው የነገረኝ» አለ በመጨረሻ። «ቁጥሩን ለብቻዬ ጠርቶ አሳየኝ። ለእኔ አዝኖልኝ ነው። የእርስዎ ስም እንዳይነሣ አድርጌ እነግራቸዋለሁ አለኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ ብዬው ወረድኩ። ከሰዎቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ መንገዱን በስሜ ሊሰይሙት እንደሆነ ነገሩኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ። ሌላ ሰበብ ፈጥሬ መንደሩን እስካስለቅቅ አንድ ወር ባገኝ ብዬ ነው። አንድ ወር።»

እህትየው አየችው። እጇን የያዘባቸውን እጆቹን ነው ያየችው። ብረቱ ከወንበሩ ሊነሣ ሲል ሾፌሩ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።

መርማሪዋ ፖሊሶቹን አልጠራችም። አንድ ባዶ ወረቀት አውጥታ አለቃው ፊት አስቀመጠች።

«የገደሉትን ለፍርድ ቤት ይነግራሉ» አለችው። «አሁን የምፈልገው ይህን ነው። ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ የእኔን ቃል አይቀበሉም። የእርስዎን ይቀበላሉ።»

አለቃው ወረቀቱን ረዥም ጊዜ አየው። አሁንም እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የፈረመው መሳሳቱን፣ ትምህርት ቤቱ ዛሬ እንዲዘጋ፣ ከቁልቁለቱ ሥር ያሉት ቤቶች በምን ቅደም ተከተል እንዲለቀቁ፣ የትኛው መንገድ እንዳይረገጥ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈ። በካርታ የታገዘ ንድፍም ጨመረበት። ከፈረመ በኋላ እንደገና አንብቦ አንድ ቁጥር አስተካከለ። ከዚያ ፖሊሶቹ ሲገቡ ለካቴና እጁን ዘረጋላቸው።

በዚያው ምሽት መንደሩ ተለቀቀ። ሰዎቹ አልተደሰቱም። ከብትና ፍራሽ ተሸክመው ወደ ሩቅ አዳራሽ ሲገቡ፣ አንድ ሰው ተገደለ ብሎ ሁላችንን ከቤታችን ማውጣት ምን የሚሉት ነው አሉ። ሳምንት አለፈ፤ ተራራው እንደቆመ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስ አንዳንዶቹ ተመልሰው መግባት ጀመሩ፤ ፖሊስ እንደገና አወጣቸው። መርማሪዋን በስልክ የሰደቡ ነበሩ። እሷም ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ፣ ሜትሩን በትክክል ይዤ ነበር ወይ እያለች ራሷን ትጠይቅ ጀመር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል፣ ቁልቁለቱ ወረደ። ትምህርት ቤቱ የነበረበት ቦታ ጣሪያው እንኳ የት እንደገባ አይታወቅም። ሠላሳ አንድ ቤት አብሮ ሄደ። ሰው አልሞተም።

መርማሪዋ ይህን በራሷ አንደበት ልትነግራት ብላ ወደ እህትየው ሱቅ ሄደች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለቁ ልብሶች ተሰቅለዋል፤ እህትየው የደንበኛ ቀሚስ እያጠበበች ነበር። የመጣችውን እንግዳ ስታይ የስፌት መኪናውን አቆመች። መርማሪዋ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፤ ወንድምሽ ሕዝብ አድኗል፣ ስሙ ከመቃብር በላይ ነው የሚል። ወደዚያ ከመድረሷ በፊት ሴትዮዋ ጠየቀቻት።

«ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስንት ልጅ ነበር የሚማረው?»

«አራት መቶ አሥራ ሰባት።»

እህትየው ቁጥሩን በከንፈሯ ደገመችው። ቀሚሱን ከመርፌው ሥር አውጥታ ጭኗ ላይ አጠፈችው።

«ለሰው ጥሩ ሂሳብ ነው» አለች። «አንድ ለአራት መቶ አሥራ ሰባት። ማንም ይፈርምበታል። እኔ ግን የነበረኝ አንድ ነው።»

መርማሪዋ ያዘጋጀችውን ቃል አልተናገረችም። ሴትዮዋ ከመኪናው ሥር በርጩማ ስባ አቀረበችላት፤ እሷም ተቀመጠች። ደንበኛዋ ቀሚሷን ልትወስድ እስክትመጣ ድረስ ሁለቱም እዚያው ነበሩ።